እብጠት የሚያጠፋውን ክኒን ከመዋጣችን በፊት

 

በምሠራበት መድኃኒት ቤት ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ አለ። «እህቴ፣ ያቺን እብጠት የምታጠፋዋን ትንሽ ክኒን ስጪኝ» ይሉኛል። የሚፈልጉት ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን ነው። አንዱ ለጥርሱ፣ ሌላው ለወገቡ፣ አንዷ እናት ደግሞ ለልጇ ሳል። ያለ ሐኪም ማዘዣ አልሰጥም ስል የሚቀየሙኝ አሉ። ምክንያቱን ዛሬ ላስረዳችሁ።

እሾህ ሲወጋን ቦታው ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ያብጣል፣ ያማል። በሽታው ራሱ ይህ ይመስለናል፤ ግን የሰውነታችን መከላከያ ሥራ ላይ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ነው። ከእሾሁ ጋር የገቡትን ባክቴሪያዎች ለመግታት ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ቦታው ይጎርፋሉ። ቀድመው ከሚደርሱት መካከል ኒውትሮፊል የሚባሉት ይገኙበታል። በአጥንታችን መቅኒ ውስጥ በየቀኑ ወደ 100 ቢሊዮን ያህል ይመረታሉ። ባክቴሪያውን ውጠው ይገድላሉ፤ እነሱም ይሞታሉ። መግል የምንለው በአብዛኛው የእነሱ ቅሪት ነው። ማክሮፋጅ የሚባሉት ደግሞ ይህን ጠርገው ቁስሉ እንዲሽር ያግዛሉ።

ይህን ተከታትሎ ያጠናው ኢልያ ሜችኒኮፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 በጣልያን ሜሲና ከተማ የባሕር ኮከብ እጭን በጽጌረዳ እሾህ ወጋ፤ በማግስቱ ሕዋሳት እሾሁን ከበውት አገኘ። በ1908 ከፖል ኤርሊክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ታዲያ ክኒኑ ምን ያደርጋል? ሕዋሳቱ የሚጠራሩበትን ኬሚካል ይቀንሳል፤ ወደ ቁስሉ እንዳይደርሱም ያግዳል። እብጠቱ ይጎድላል፣ ትኩሳቱ ይወርዳል፤ ጀርሙ ግን አልሞተም። ተደብቆ ሊስፋፋ ይችላል። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድም ተኝቶ የነበረ የሳንባ ነቀርሳ ሊቀሰቅስ ይችላል።

ይህ ሲባል መድኃኒቱ ጠላት ነው ማለት አይደለም። የመከላከል ሥራው ልክ ሲያልፍ የራሳችንን አካል ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2020 በብሪታንያ የተካሄደ ሪከቨሪ የተባለ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ዴክሳሜታዞን በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ከነበሩት የኮቪድ ሕሙማን መካከል ሞትን በሲሶ ያህል ቀነሰ። ኦክስጅን ላላስፈለጋቸው ግን ጥቅም አልሰጠም። በሽታው አንድ፣ መድኃኒቱ አንድ፤ ውጤቱ ግን የተለያየ ነው። ለማን እንደሚሆን የሚለየው ሐኪም ነው።

ስለዚህ እነዚህን ነጥቦች ያዙልኝ፦

• ለጎረቤት የታዘዘን ክኒን አትዋጡ፤ የተረፋችሁንም ለሰው አትስጡ።

• ለሳምንታት ስትወስዱ የቆያችሁ ሐኪም ሳታማክሩ በድንገት አታቋርጡ። አደጋ አለው።

• የስኳር ሕመምተኞች ከሆናችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ መድኃኒቱ ስኳር ከፍ ያደርጋል።

• መቅላቱ ከሰፋ፣ ትኩሳት ከጨመረ፣ ፊት ካበጠ ወይም ልጅ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን። ወሰላሙ ዓለይኩም።