ሰማዕታቱን ለልጆች፦ በቪክቶሪያ ዘመን ሴቶች የጻፉት የፕሮቴስታንት ታሪካዊ ልብ ወለድ ዳሰሳ
የእንግሊዟ ንግሥት ሜሪ ቀዳማዊት በነገሠችባቸው አምስት ዓመታት ወደ 280 የሚጠጉ ፕሮቴስታንቶች በእሳት ተቃጥለዋል። ከእነዚህ አንዷ በ1557 (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ካንተርበሪ ላይ የተገደለችው የኬንቷ አሊስ ቤንደን ናት። ከከሳሾቿ አንዱ የገዛ ባሏ ነበር። የሰማዕታቱን ታሪክ የጻፈው ጆን ፎክስ እንደሚተርከው፣ ወንድሟ ሮጀር ሆል የታሰረችበትን ቦታ ያወቀው ዳዊት ስትደግም ድምጿን ሰምቶ ነው። ዳቦ ውስጥ ገንዘብ ደብቆ፣ ዳቦውን በረጅም እንጨት ጫፍ ሰክቶ አቀበላት። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ኤሚሊ ሳራ ሆልት የተባለች የላንካሸር ደራሲ ይህንኑ ታሪክ ለልጆች የሚሆን ልብ ወለድ አደረገችው።

ሰው በእሳት የሚቃጠልበትን መጽሐፍ ለልጅ መስጠት ዛሬ ብዙ ወላጅ ያስደነግጣል። በ19ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ ግን እንዲህ ያሉ መጻሕፍት በየሰንበት ትምህርት ቤቱ ይታደሉ ነበር። ምክንያቱን ያገኘሁት ከሥነ ጽሑፉ ይልቅ በዘመኑ ፖለቲካ ውስጥ ነው።

በ1829 ካቶሊኮች በእንግሊዝ ፓርላማ እንዲቀመጡ ተፈቀደ። ብዙ ፕሮቴስታንቶች ይህንን የሀገር መሸጥ አድርገው ቆጠሩት። ከአራት ዓመት በኋላ ሻርሎት ኤልዛቤት ቶና በ1689 ለ105 ቀናት በካቶሊክ ንጉሥ ጦር ስለተከበበችው የአየርላንድ ከተማ ስለ ደሪ ልብ ወለድ አሳተመች። ብዕሯ የሙግት ብዕር ነው፤ ገጸ ባሕርያቱ ከመኖር ይልቅ ይከራከራሉ። በዚያው በ1833 የእንግሊዝን ቤተ ክርስቲያን ወደ ጥንቱ የካቶሊክ ወግ ለመመለስ የፈለገው የኦክስፎርድ እንቅስቃሴ ተነሣ፤ በ1845 ደግሞ ከመሪዎቹ አንዱ ጆን ሄንሪ ኒውማን ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ገባ። በ1850 የሮማው ሊቀ ጳጳስ ፒየስ 9ኛ በእንግሊዝ የካቶሊክ አህጉረ ስብከትን መልሰው ሲያቋቁሙ ቁጣው ገነፈለ፤ በዚያ ዓመት ኅዳር የሊቀ ጳጳሱና የእንግሊዝ ካቶሊኮች መሪ የካርዲናል ዋይዝማን ምስል በአደባባይ ተቃጠለ። የሰማዕታት ታሪክ ለልጆች እንደ አዲስ መጻፍ የበረታው የካቶሊክ ኃይል ይመለሳል ከሚል ፍርሃት ነው።

የ1860ዎቹ ድምፅ ለዘብ ያለ ነው። ኤልዛቤት ረንድል ቻርልስ ስለ ማርቲን ሉተር እንድትጽፍ በአንድ መጽሔት አዘጋጅ ተጠይቃ የሾንበርግ ኮታ ቤተሰብን ዜና መዋዕል ጻፈች። ታሪኩ የሚነገረው የቤተሰቡ ልጆች በየተራ በያዙት የዕለት ማስታወሻ ነው። አንባቢው ሉተርን መጀመሪያ የሚያገኘው በአይዘናህ በሰው ቤት ተጠግቶ የሚማር ድኻ ልጅ ሆኖ ነው፤ መነኩሴው ፍሪትስም በክብር ተስሏል። ደራሲዋ በወጣትነቷ ራሷ በኦክስፎርድ እንቅስቃሴ ተስባ ስለነበር፣ ሌላውን ወገን ከውስጥ ታውቀው ነበር ብዬ አምናለሁ። መጽሐፉ በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች ተተርጉሟል።

ሆልት (1836–1893) ግን የተለየች ናት። ልብ ወለድ ከመጻፏ በፊት፣ በ1861፣ የነገሥታት ቤተሰብ ሴቶችን የሕይወት ታሪክ አሳትማለች፤ የጥንቱን መዝገብ መመርመር የተካነች ነበረች። የእንግሊዝ መንግሥት ከ1838 ጀምሮ ሰነዶቹን በአንድ መሥሪያ ቤት ሥር አሰባስቦ ነበርና ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ጊዜው የተመቸ ነበር። በ1868 የቤተ ክርስቲያን ተቺውን የዊክሊፍን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ስላነበበች የመኳንንት ልጅ የሚተርከውን «እመቤት ማርጀሪ»ን አወጣች። ከዚያ በኋላ እስክትሞት ድረስ ብዙ ጻፈች። እኔን የሚማርኩኝ በመጻሕፍቷ መጨረሻ ላይ የምታኖራቸው አባሪዎች ናቸው። የትኛው ሰው በእውነት እንደኖረ፣ የትኛው የፈጠራ እንደሆነ፣ ሰነዱ ምን እንደሚል ለልጅ አንባቢ ትዘረዝራለች። ልጅን ይህን ያህል ያከበረ ደራሲ በዘመኗ ብዙ አላገኘሁም።

ይህ ጥንቃቄ ግን ከአንድ ድንበር አያልፍም። የ14ኛው መቶ ዘመን ሎላርዶቿ (የዊክሊፍ ተከታዮች) እንደ ቪክቶሪያ ዘመን ሰባኪ ይናገራሉ። በ1880 ያወጣችው «የኧርል ሁበርት ልጅ» በ13ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ ለነበሩ አይሁድ ርኅራኄ አለው፤ ርኅራኄው ግን መጨረሻው ጥምቀት እንዲሆን ይፈልጋል። ከሁሉ የሚከብደኝ ሚዛኗ ነው። ማርጋሬት ክሊዘሮ የምትባል የዮርክ እናት ካቶሊክ ካህናትን በመሸሸግ ተከስሳ ለክሱ መልስ አልሰጥም በማለቷ በ1586፣ በፕሮቴስታንቷ በኤልሳቤጥ ዘመን፣ ድንጋይ ተጭኖባት ተገድላለች። እርሷም እንደ አሊስ ቤንደን ያለች ሴት ነበረች፤ ነገር ግን ለእርሷ ዓይነት ሰው በዚህ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ የጀግና ቦታ አልነበረም።

ከአየርላንድ ደቦራ አልኮክ በ1870 ግድም የስፔንን ኢንኩዊዚሽን (መናፍቃን የተባሉትን የሚመረምር የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት) የሚተርከውን «የስፔን ወንድማማቾች» ይዛ መጣች። በታሪክ አተራረክ ከሆልት ትበልጣለች፤ የሴቪሊያው ፍርድ ሲቃረብ መጽሐፉን ማስቀመጥ ያስቸግራል። በሌላው ወገን የኦክስፎርድ እንቅስቃሴ ደጋፊዋ ሻርሎት ያንግ ከ1854ቱ «ትንሹ መስፍን» ጀምሮ የመካከለኛውን ዘመን ቤተ ክርስቲያን በፍቅር ስትጽፍ ቆይታለች።

የ1870ው የትምህርት ሕግ ገበያውን አሰፋው፤ በ1880 ትምህርት ግዴታ ሲሆን ማንበብ የሚችለው ልጅ በረከተ። መጽሐፍ በሰንበት ትምህርት ቤት በመልካም ጠባይና ባለመቅረት ይሸለም ነበር፤ ሽፋኑ ውስጥ የተሸላሚው ስም ይለጠፍበታል። ገዢው ትልቅ ሰው፣ አንባቢው ልጅ ነው። ይህ አሠራር ለጽሑፉ ደግ አልሆነለትም፤ አሳታሚው ልጅ የሚወደውን ሳይሆን ኮሚቴ የማይቃወመውን ፈለገ። ልጆቹ ደግሞ ምርጫ ሲያገኙ ወደ ጀብዱ ሄዱ። ከ1799 ጀምሮ መንፈሳዊ ጽሑፍ ሲያሰራጭ የኖረው የሃይማኖታዊ ትራክት ማኅበር ራሱ በ1879 ለወንዶች ልጆች የጀብዱ ሳምንታዊ መጽሔት ጀመረ። በ1883 የስቲቨንሰን የጀብዱ ልብ ወለድ «የውድ ሀብት ደሴት» በመጽሐፍ መልክ ወጣ። ሆልት በ1893፣ ቻርልስ በ1896፣ አልኮክ በ1913 ሲያርፉ ተተኪዎቻቸው ያነሰ ምርምርና የበለጠ ሰይፍ ይዘው ነበር።

በ20ኛው መቶ ዘመን መጻሕፍቱ አቧራ ለበሱ። አሁን ግን የሆልት ሥራዎች በፕሮጀክት ጉተንበርግ በነጻ ይገኛሉ፤ የአልኮክን ደግሞ በካናዳ አልበርታ የሚገኝ አሳታሚ ለክርስቲያን ቤተሰቦች መልሶ አትሟል። ተመራማሪዋ ሚርያም በርስቲን በ2013 በታተመ መጽሐፏ የተሐድሶ ልብ ወለዶቹን የሃይማኖት ክርክር አካል አድርጋ አጥንታቸዋለች። ለልጆች የሚታተሙት እትሞች የሚጎድላቸው ይህ ዓይነቱ ዐውድ ነው። ስለ 1829ና ስለ 1850፣ ስለ ማርጋሬት ክሊዘሮም የሚነግር ጥቂት ገጽ መግቢያ ቢጨመርላቸው፣ ሆልት በአባሪዎቿ የጀመረችውን ሥራ ሌላ ሰው ቀጠለው ማለት ነው።