የሽጉጥ አፈሙዝ ቡሽ ሲላላ

በቶካሬቭና በኮልት 1911 ሽጉጦች አፍ ላይ የሚገኘው ቡሽ፣ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ የአፈሙዙን ጫፍ በትክክለኛ ቦታው ይይዛል። ቡሹ ሲላላ ጥይት ከዒላማው ይበታተናል፤ ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ደግሞ ተንሸራታቹ የላይኛው ክፍል ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ ይቀራል። የማካሮቭ አፈሙዝ ከአካሉ ጋር የተያያዘ በመሆኑ ይህ ቡሽ የለውም፤ በማካሮቭ ላይ «ቡሽ ልቀይር» የሚል ጠጋኝ ሥራውን አያውቅም።

በሳንጃና በአካባቢው የምትገኙ ባለፈቃዶች መሣሪያችሁን ወደ ቶርኖ ቤት ከመውሰዳችሁ በፊት ልታውቁት የሚገባ ጉዳይ አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት የጦር መሣሪያን ያለ ፈቃድ መጠገን የተከለከለ ነው። ጉድለት ሲታይ ካዝናውን አውጥታችሁ መሣሪያው ጥይት አለመጉረሱን አረጋግጡ። ከዚያም ሽጉጡን ቤት ቆልፋችሁ፣ የፈቃድ ወረቀቱን ብቻ ይዛችሁ በአቅራቢያችሁ የሚገኘውን ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።