ቶፊ ጥድፊያ አይወድም፦ ከጣፋጭ ቤቱ ጓዳ ሹክ ልበላችሁ

ጠጋ በሉ፤ ይህን ባንኮኒው ፊት ቆማችሁ አትሰሙትም። እዚህ አሜሪካ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ፈረንጆች ገና ድረስ የምሠራበት ጓዳ ቅቤና ስኳር ሲሸት ይውላል። ደንበኛው ሪባን የታሰረበትን ቆርቆሮ ታቅፎ ሲወጣ፣ ውስጥ ያለው ቶፊ በረቀቀ ሙያ የተሠራ ይመስለዋል። ጓዳ ያለነው ግን እናውቀዋለን፦ ቅቤ፣ ስኳር፣ ጥቂት ውኃ፣ ቁንጥር ጨው፤ ከላይ ቸኮሌትና የተፈጨ ለውዝ። በቃ። ዋጋውን የሚያስወድደው ለውዙ፣ ቸኮሌቱ፣ ቆርቆሮውና የሰው ጉልበት ነው። የተደበቀ ቅመም የለም።

ምስጢር ካለ እሳቱ ላይ ነው። ቤቱ ሞክሮ ያልሆነለት ሰው ሙያ ስላነሰው አይደለም፤ ስለቸኮለ ነው። ቶፊ ሲሠራ እሳት በድንገት አይጨመርም፣ በድንገት አይቀነስም፣ ከድስቱም አይራቅም። ይህን የያዘ ሰው ከእኛ ጓዳ የሚወጣውን ዓይነት ቶፊ በገዛ ምድጃው ላይ ይሠራል።

መጠኑ እንዲህ ነው። ለአንድ መካከለኛ ትሪ 225 ግራም ቅቤ፣ 225 ግራም ስኳር፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ውኃና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ቅቤና ስኳር በክብደት እኩል ለእኩል ናቸው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ሽሮፕ ብትጨምሩ ስኳሩ ተመልሶ አሸዋ እንዳይሆን ያግዛል። ካጣችሁ አንድ የሻይ ማንኪያ ማር ይተካዋል፤ ከዚያ በላይ ግን አታድርጉ፣ ማር ቶሎ ይጠቁራል፣ እርጥበትም ይስባል። ድስቱ መቀመጫው ወፍራም ይሁን። በስስ ድስት መሐሉ ሲያር ዳሩ ገና ጥሬ ነው። ሁለት ትሪ ካስፈለጋችሁም ሁለት ጊዜ ሥሩ እንጂ መጠኑን በአንድ ድስት አታጥፉት፤ ሲበዛ ሙቀቱን መቆጣጠር ያስቸግራል።

ቅቤውን በዝግታ አቅልጡና ስኳሩን፣ ውኃውንና ጨውን ጨምሩ። ማማሰያውን በድስቱ መቀመጫ ላይ ስትጎትቱት ከተንኮሻኮሸ ስኳሩ አልሟሟም፤ እሳቱን ዝቅ አድርጋችሁ ጠብቁት። መንኮሻኮሹ ሲጠፋ እሳቱን መካከለኛ አድርጉና ሳታቋርጡ፣ ግን ረጋ ብላችሁ አማስሉ። መጀመሪያ ፈዛዛ ቢጫ ሆኖ በትልልቅ አረፋ ይንተከተካል። ውኃው እየተነነ ስለሆነ ቴርሞሜትሩ ለረጅም ጊዜ ፈቀቅ የማይል ይመስላል። ብዙ ሰው ተሰላችቶ እሳት የሚጨምረው እዚህ ላይ ነው፤ አደራችሁን፣ እንዳትነኩት። 130 ዲግሪ ካለፈ በኋላ ነገሩ ይፈጥናል። አረፋው ይወፍራል፣ ማማሰያው ይከብዳል፣ ቢጫው ወደ ቡናማ ይዞራል፣ የተቆላ ለውዝ የመሰለ መዓዛም ይመጣል። 149 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ አውርዱት። እስከ 154 ቢሄድ ችግር የለውም፤ ከዚያ ሲያልፍ ግን መምረር ይጀምራል።

ቴርሞሜትር ለሌለው ሰው አንድ ኩባያ በጣም ቀዝቃዛ ውኃ ይበቃዋል። ከድስቱ ጠብታ ወስዳችሁ ውኃው ውስጥ ጣሉና አውጥታችሁ ስበሩት። ከታጠፈ ገና ነው፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል። በምትፈትኑበት ጊዜ ድስቱን ከእሳቱ ዘወር አድርጉት፤ በዚያች ደቂቃ ውስጥ ሊያርባችሁ ይችላል።

አሁን ጓዳ ውስጥ ብቻ የሚወራውን ልንገራችሁ። አንዳንዴ መሐል ላይ ቅቤው ከስኳሩ ይለይና ዘይት ሆኖ ከላይ ይንሳፈፋል። ብዙ ሰው ተበላሸ ብሎ ይደፋዋል። አትድፉት። የሚለየው ሙቀቱ በድንገት ሲዘል ወይም ሲወርድ፣ ማማሰሉ ሲቋረጥ ወይም ከመጠን በላይ ሲበረታ ነው። እሳቱን ቀንሱ፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ በጣም የሞቀ ውኃ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ በእርጋታ አማስሉ። ስለሚፈናጠር ፊታችሁንና እጃችሁን አርቁ። አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይያያዛል፤ የጨመራችሁት ውኃ ይተንና ከቆመበት ይቀጥላል።

አዲስ አበባ ላላችሁ ደግሞ ከውጭ የመጣ የአሠራር ጽሑፍ የማይነግራችሁ ነገር አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ውኃው ከስኳሩ የሚወጣበት ሙቀትም አብሮ ይወርዳል። 149 እስኪል ከጠበቃችሁ ቶፊው ከልክ አልፎ ሊያር ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ መጀመሪያ ቴርሞሜትሩን የሚፈላ ውኃ ውስጥ አስገቡና ያሳየውን ቁጥር ከ100 ቀንሱ፤ ልዩነቱን ደግሞ ከ149 ቀንሱ። 92 ካሳየ ልዩነቱ 8 ነው፤ 141 ላይ አውርዱት። ይህ ዘዴ ትክክል የማያነብ ቴርሞሜትርንም ስለሚያርም የትም ብትኖሩ ከመጀመራችሁ በፊት አድርጉት።

ቅቤውም መመረጥ አለበት። የሚያስፈልገው በጥቅል የሚሸጠው የገበታ ቅቤ ነው። ንጥር ቅቤ፣ ኮረሪማና ኮሰረት ባይገባበት እንኳ፣ አይሆንም፤ ሲነጠር ውኃውና የወተቱ ክፍል ስለወጣ ከስኳሩ ጋር የሚያያይዘው ነገር የለውም። ያ የቶፊ ቀለምና መዓዛም በአብዛኛው የሚመጣው ከወተቱ ክፍል ነው። ለጋ ቅቤም የያዘው ውኃና አሬራ ከአንዱ ገበያ ወደ ሌላው ስለሚለያይ ይፈናጠራል፣ ይለያል።

ጿሚዎች ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ አለ። የገና ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ ቶፊው ደግሞ ቅቤ ነው፤ ሳይቀመስ እንዴት ይሠራል? መልሱን እናቶቻችን ያውቁታል፤ በጾም መውጫ ዋዜማ ዶሮ ወጡን ሳይቀምሱ በመዓዛው የሚያደርሱት እነሱ ናቸው። እኛም ጓዳ ውስጥ ድስቱ ላይ ያለውን ቶፊ አንቀምስም፤ በዚያ ሙቀት ምላስ ይልጣል። የምናምነው ቴርሞሜትሩን፣ ቀለሙንና መዓዛውን ነው። ደግሞም ቶፊ በደንብ ከታሸገ ሁለት ሳምንት ያለ ችግር ይቆያል። ታኅሣሥ 20 ገደማ ሠርታችሁ ብታስቀምጡት ለገና ማለዳ ይደርሳል፤ የዋዜማው ቀን ለዶሮው ይተርፋል።

ሲደርስ የመጋገሪያ ወረቀት በተነጠፈበት ትሪ ላይ በአንድ ጊዜ ገልብጡት። የድስቱን ጥግ አትፋቁ፤ እዚያ የተጋገረው ስኳር ሌላውን ወደ አሸዋ ሊመልሰው ይችላል። ቀጥሎ ያለው የጓዳ ልማድ ነው፦ ቸኮሌቱን ከመበተናችሁ በፊት ላዩ ላይ የወዛውን ቅቤ በወረቀት ፎጣ ቀስ ብላችሁ አድርቁት። ቸኮሌቱ ሲቆረስ ከቶፊው እየተላቀቀ የሚወድቀው በዚያ ወዝ ምክንያት ነው። ከዚያ 170 ግራም የተቆራረጠ ቸኮሌት በትኑ፤ አምስት ደቂቃ ቆይታችሁ በማንኪያ ጀርባ አዳርሱት፤ ከላይ የተቆላና የተፈጨ ለውዝ ነስንሱ። ጥሬ ለውዝ አታድርጉ፣ ጣዕሙ ይደበቃል። ኦቾሎኒም ያምርበታል። እኔ ለአበሻ ቤት ስሠራ የምመርጠው ግን ቆላ ያደረግሁትን የሁመራ ሰሊጥ ነው፤ ከቸኮሌቱና ከጨው ጋር የሚሰጠውን ጣዕም ቀምሳችሁ ፍረዱ።

የቶፊ ጠላቱ እርጥበት ነው። አየር ላይ ካደረ ውኃ ይስብና ጥርስ ላይ ይጣበቃል። ስለዚህ ወጥ በሚንተከተክበት ሰዓት እዚያው ኩሽና አትሥሩት፤ ሲበርድም ፍሪጅ አታስገቡት። ቆርሳችሁ በየረድፉ መሐል ወረቀት እያደረጋችሁ ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ቆርቆሮ ክተቱት። በዋሽንግተን ግዛት ታኮማ ከተማ ያለው ብራውን ኤንድ ሄሊ፣ አልመንድ ሮካ የሚባለውን ቶፊ እ.ኤ.አ. በ1923 ሠርቶ በ1927 በቆርቆሮ ማሸግ ጀመረ። ሮዙ ቆርቆሮ እስከ ዛሬ መለያው ነው፤ ሩቅ አገር ሳይበላሽ እንዲደርስ ያስቻለውም እሱ ነው።

ስለ ደኅንነት አጥብቄ እናገራለሁ። የፈላ ስኳር ቆዳ ላይ ጠብ ካለ ተጣብቆ ያቃጥላል። ሕፃናት ከምድጃው ይራቁ፤ እጀ ረጅም ልብስ ልበሱ፤ ቀዝቃዛ ውኃ የሞላ ሳህን አጠገባችሁ ይኑር። ድስቱን ለማጠብ ደግሞ አትታገሉ፤ ውኃ ሞልታችሁ አፍሉት፣ ስኳሩ ራሱ ይሟሟል።

ይህ ሁሉ ከበዛባችሁ ቴርሞሜትር የማይፈልግ መንገድ አለ። የሞንትሪያሏ ጋጋሪና ጸሐፊ ማርሲ ጎልድማን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለአይሁድ ፋሲካ ብላ በማትዛ፣ ማለትም እርሾ በሌለው ቂጣ፣ ያስለመደችው ነው። አሜሪካውያን ለገና ጨው ባለው ስስ ብስኩት ይሠሩታል። ብስኩቱን ትሪ ላይ ሳታነባብሩ ደርድሩ። 225 ግራም ቅቤና አንድ ኩባያ ቡናማ ስኳር መፍላት ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ እያማሰላችሁ አቆዩና ብስኩቱ ላይ አፍስሱ። በ175 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይቆይ፤ ሲወጣ ቸኮሌቱን በትኑ። ብስኩቱ ጨው ስላለው ሌላ ጨው አትጨምሩ።

የመጀመሪያችሁ ከሆነ በብስኩቱ ጀምሩ፤ ትሪው ቀዝቀዝ ሲል ልጆቹ ለውዙን ይነስንሱ። እጃችሁ ሲለምድ ወደ ድስቱ እለፉ። በገና ቀን ለእንግዳ የምታቀርቡት፣ ለጎረቤትም ይዛችሁ የምትሄዱት የእጃችሁ ሥራ ሲሆን ከእኛ ባንኮኒ ከሚገዛው በላይ ዋጋ አለው፤ ይህን የምላችሁ ሁለቱንም የሠራሁት እኔ ነኝ።