የተራቈተ ምድር ዳግመኛ ዛፍ ስለ ማብቀሉ

የተራቈተ ምድር ዳግመኛ የሚለመልመው በዝናም ነው ወይስ በሰው ሥራ? ይህን ለይቶ ለማወቅ ከሰሐራ በረኻ በታች ያለውን የኒጀርን አገር መመልከት ይበጃል።

በዚያ አገር እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1973 እና በ1984 ዓመት ጽኑ ድርቅ ሆነ። ገበሬው አስቀድሞ ዛፉን ፈጅቶት ነበርና ነፋሱ አሸዋ እያመጣ ቡቃያውን ቀበረው፤ የተተከለውም ችግኝ አብዛኛው ደረቀ። ነገር ግን ከመሬት በታች ሥሩ ያልሞተ ጉቶ ነበረ። እኛ እንዲህ ያለውን ጉቶ ነቅለን ለማገዶ እናደርገዋለን፤ የማራዲና የዚንደር ገበሬዎች ግን ካቈጠቈጠው ጥቂቱን ቀንበጥ እያስቀሩ የቀረውን መለመሉት፤ ከብትም እንዳይበላው ጠበቁት። ይልቁንም በክረምት ቅጠሉን የሚያራግፈውን የግራር ወገን ወደዱት፤ የማሽላውን ፀሓይ አይከለክልምና።

ኋላም ዝናሙ ተሻሻለ፤ ዛፉም 5 ሚሊዮን ሄክታር በሚያህል እርሻ ላይ በዛ። ይህ ሁሉ የዝናም ብቻ ሥራ ነው የሚል ቢኖር፥ ከወሰኑ በስተ ደቡብ ያለውን የናይጄሪያን መሬት ይመልከት። በዚያ ዝናሙ ይበልጣል፤ ሊቃውንት ሁለቱን ሲያነጻጽሩ ግን ዛፉ አንሶ ተገኘ።

በኒጀር ቀድሞ ዛፍ ሁሉ የመንግሥት ገንዘብ ነው ተብሎ በሕግ ተደንግጎ ነበርና ገበሬው ለመጠበቅ አይተጋም ነበር። በእርሻው የበቀለውን የራሱ አድርጎ መቍጠር ከጀመረ ወዲህ ግን ቅርንጫፉን እየመለመለ ይሸጣል፤ ግንዱን ይተዋል።