የአመዱን ደመና ሳተላይት ይከተለዋል፤ በግጦሹ ላይ የወደቀውንስ?

እሑድ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በአፋር ክልል ከኤርታ አሌ በስተደቡብ ምሥራቅ የሚገኘው የሃይሊ ጉቢ ተራራ ፈነዳ። ይህ ተራራ በጽሑፍ በተመዘገበ ዘመን ፈንድቶ አያውቅም። ከአፉ የወጣው አመድ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ ተተኮሰ። በአፍዴራ አካባቢ ያሉ መንደሮች አመድ ለበሱ። የአካባቢው አስተዳደር በሰውም ሆነ በእንስሳት ሕይወት ላይ የደረሰ ጉዳት አለመኖሩን ቢገልጽም፣ ግጦሹ በመሸፈኑ ከብቱ የሚቀምሰው ማጣቱን ወዲያውኑ አስታውቋል።

ያ አመድ በዚያው አልቀረም። ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን ላይ አለፈ፤ በማግሥቱ ማታ በህንድ ዋና ከተማ በዴልሂ ሰማይ ላይ ደረሰ። በዚያም በረራዎች ተሰረዙ፣ ከአመዱ ጎን አልፈው የነበሩ አውሮፕላኖችም እንዲመረመሩ ተደረገ። ከዚያ ወደ ቻይና አመራ። በዚህ ሁሉ ጉዞው ከዓይን አልጠፋም ነበር።

የሚከታተለው በፈረንሳይ አገር በቱሉዝ ከተማ የሚገኘው የእሳተ ገሞራ አመድ ማሳወቂያ ማዕከል ነው። እንዲህ ያሉ ማዕከላት በዓለም ላይ 9 ሲሆኑ፣ የአፍሪካ ሰማይ በቱሉዝ ሥር ይጠበቃል። ሥራው የተደራጀው ለአውሮፕላን ደኅንነት ነው። በሰኔ 1974 ዓ.ም. በኢንዶኔዥያ የጋሉንጉንግ ተራራ በፈነዳ ጊዜ፣ አንድ የእንግሊዝ ጃምቦ ጄት ሌሊት አመዱ ውስጥ ገብቶ አራቱም ሞተሮቹ ጠፍተውበታል። አመዱ በሞተሩ ሙቀት ይቀልጥና እንደ መስተዋት ይለጠፋል። አውሮፕላኑ ዝቅ ካለ በኋላ ሞተሮቹ ተነሥተውለት ጃካርታ ላይ አረፈ። የአውሮፕላን ራዳር የሚያየው የዝናብ ጠብታን እንጂ ደረቅ አመድን ስላልሆነ፣ አብራሪዎቹ ቀድመው ሊያውቁ አልቻሉም ነበር።

ታዲያ ሳተላይቱ አመድን ከተራ ደመና እንዴት ይለየዋል? ሜቴኦሳት የተባሉት የአየር ጠባይ ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው አንድ ቦታ እንደቆሙ ሆነው ይመለከታሉ። ከምድር ወደ ላይ የሚወጣውን የሙቀት ጨረር በተለያየ የሞገድ ርዝመት ይለካሉ፤ ለዚህ ሥራ የሚጠቅሙት 11 እና 12 ማይክሮሜትር ገደማ ያሉት ሁለቱ ናቸው። የውኃና የበረዶ ደመና 12ቱን ይበልጥ ይውጣል፣ የድንጋይ ብናኝ የሆነው አመድ ግን 11ዱን። ስለዚህ የሁለቱ ልኬት ልዩነት ሲገለበጥ ባለሙያው አመድ መሆኑን ያውቃል። ዘዴው እንከን የለሽ አይደለም። አመዱ በበረዶ ከተሸፈነ ወይም እጅግ ከወፈረ ምልክቱ ይደበዝዛል። በዚህ ጊዜ ከተራራው አብሮ የሚወጣውን ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የሚለኩ ሌሎች ሳተላይቶች ይረዳሉ፤ ይሁንና ጋዙና አመዱ አንዳንዴ መንገድ ይለያያሉ።

ሳተላይት ያለውን ያሳያል እንጂ የሚመጣውን አይናገርም። የሚመጣውን የሚያሰላው በኮምፒውተር የሚሠራው የከባቢ አየር ሞዴል ነው። በአውድማ ላይ እህል ያዘራ ገበሬ ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም፤ በመንሽ ወደ ላይ ሲበትነው ፍሬው እግሩ ሥር ይወድቃል፣ ገለባው እንደ ነፋሱ ኃይል ይርቃል፣ እብቁ ደግሞ ከዓይን ይሰወራል። ሞዴሉም አመዱ ስንት ሰዓት መውጣት እንደጀመረ፣ ምን ያህል ከፍ እንዳለና በየከፍታው ያለውን ነፋስ ተቀብሎ እያንዳንዱ ብናኝ ወዴት እንደሚሄድ ያሰላል። ውጤቱ በየ6 ሰዓቱ እየታደሰ ለሚቀጥሉት 18 ሰዓታት ይነገራል። ትልቁ ችግር የከፍታው ልክ ነው። ከፍታው እጥፍ ከሆነ የሚወጣው አመድ 16 ጊዜ ያህል ስለሚበዛ፣ ከፍታው ላይ የተሠራች ትንሽ ስሕተት ስሌቱን በብዙ ታዛባለች።

ወቅቱም ወሳኝ ነው። በሰኔ 2003 ዓ.ም. በኤርትራ፣ ከእኛ ድንበር አጠገብ፣ የናብሮ ተራራ ሲፈነዳ አመዱ ያመራው ወደ ሱዳን አቅጣጫ ነበር። የኅዳሩ የሃይሊ ጉቢ አመድ ደግሞ ወደ ምሥራቅ ሄደ። ሁለቱ ተራሮች ያሉት በዚያው በአፋር ዝቅተኛ ምድር ነው፤ የተለየው በከፍታ ላይ የሚነፍሰው ነፋስ ነው።

ይህ ሁሉ ጥበብ ግን ከአፍዴራ አርብቶ አደር ራስ በላይ የሚያልፍ ነው። ማስታወቂያው የሚወጣው ለአብራሪ ነው፤ የሚናገረውም በአየር ላይ ስላለው ደቃቅ አመድ እንጂ ተራራው ሥር ስለሚወድቀው ሻካራ አመድ አይደለም። ያው ስሌት አመዱ በየትኛው ቀበሌ እንደሚወድቅ ለመገመትም ያገለግላል፤ ግምቱ በሰዓታት ውስጥ ለወረዳ የግብርና ባለሙያ ቢደርስ፣ መንጋው ወዴት እንደሚነዳ ለመምከር በቂ ጊዜ ይሰጥ ነበር።

ከብት አመድ ያለበትን ሣር ሲግጥ ጥርሱ ይበላል፣ ሆዱም ይታወካል። የከፋው ፍሎራይን ነው፤ ደቃቅ አመድ ላይ ተጣብቆ ይወርድና በሣርና በውኃ ውስጥ ይገባል። በአይስላንድ እ.ኤ.አ. በ1783 የላኪ እሳተ ገሞራ በፈነዳ ጊዜ፣ በዋነኛነት በዚህ መርዝ ከአገሪቱ እንስሳት ከግማሽ በላይ አልቀዋል፤ ረሀብም ተከትሏል። አመድ ሁሉ ግን መጠኑ አንድ አይደለም። የሃይሊ ጉቢም ሆነ የሌላ ተራራ አመድ ምን ያህል እንደያዘ የሚታወቀው ከሣሩ፣ ከኩሬውና ከአመዱ ናሙና ተወስዶ በላቦራቶሪ ሲመረመር ብቻ ነው።

እስከዚያ ድረስ የልማት ሠራተኛ ለአርብቶ አደሩ ሊለው የሚችለው ጥቂት ነው፤ ጉድጓዱንና የውኃ መያዣውን መክደን፣ የተከማቸ ድርቆሽ ካለ አመድ ሳይነካው በሸራ መሸፈን፣ ግመሉንና ፍየሉን አመድ ወዳልወደቀበት ማራቅ፣ የሚያጠቡትንና ግልገሎቹን ማስቀደም፤ የቀረውን ሣር ደግሞ ከመስጠት በፊት ማራገፍ፣ ውኃ ከተገኘም ማጠብ።