ቡና የማይጠጡት እንግዶች

በአውሮፓም በአሜሪካም የምትኖሩ ሁሉ ታውቋቸዋላችሁ። ሁልጊዜ ሁለት ሆነው ነው የሚመጡት። ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ሱሪ፣ ከረባት፣ ደረታቸው ላይ ስማቸው የተጻፈበት ጥቁር ባጅ። ደወሉን ሲደውሉ በበሩ ቀዳዳ አይተን፣ ቴሌቪዥኑን ቀንሰን፣ ትንፋሻችንን ውጠን እስኪሄዱ የምንጠብቃቸው ልጆች ናቸው። ይህ ጸሐፊም ለዓመታት ሲያደርግ የኖረው ይህንኑ ነው። እኛ ሞርሞኖች እንላቸዋለን። እነርሱ ግን መሪያቸው የነበሩት ራስል ኔልሰን እ.ኤ.አ. በ2018 «ይህ ቅጽል ስም ይቅርብን» ካሉ ወዲህ ሙሉውን «የኢየሱስ ክርስቶስ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን ቤተ ክርስቲያን» ማለትን ይመርጣሉ። ስሙ ረጅም ነው። በመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጅነቴ ዘመን የባለሥልጣናቱን ማዕረግ ከነሙሉ ስማቸው በአንድ አርእስተ ዜና ለማጨቅ ስታገል ለኖርኩት ለእኔ ግን ብዙም አይከብደኝም።

ስለ እምነታቸው ልከራከር አይደለም የተነሳሁት። ለዚያ ሊቃውንቱ አሉ። እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነገር ነው። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ማንም ሳይጠራው፣ በማያውቀው አገርና በማያውቀው ቋንቋ፣ እንዴት አድርጎ ሰፈር ይለምዳል?

የምንኖረው ጀርመን አገር፣ ከፍራንክፈርት ብዙም በማትርቅ ከተማ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ነገሩ የሆነው በኅዳር ወር፣ አንድ ቅዳሜ ነው። የጀርመንን ኅዳር የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ይጨልማል፣ ዝናቡም አያባራም። ደወሉ ሲጮህ እንደ ልማዴ ለባለቤቴ ዝም እንድትል በእጄ አመለከትኳት። እሷ ግን በቀዳዳው አየችና «አንተ፣ ልጆቹ እኮ በስብሰዋል!» ብላ በሩን ከፈተችው።

ቡናው ሁለተኛው ላይ ነበር። ባለቤቴ አስቀምጣቸው፣ ፎጣ ሰጥታቸው፣ ሲኒውን ሞልታ አቀረበችላቸው። ሁለቱ ልጆች ተያዩ። ከዚያ ረጅሙ፣ ፊቱ ቲማቲም መስሎ፣ በተሰባበረ ጀርመንኛ «ቡና አንጠጣም» አለ። «እሺ ሻይ?» ሻይም አይጠጡም። ከ1833 ጀምሮ የመጣ ሥርዓታቸው ነው፤ ቡና፣ ሻይ፣ አልኮልና ትንባሆ ክልክል ነው። ባለቤቴ ሲኒዋን ይዛ እንደቆመች ቀረች። የእኛ ሰው እንግዳ ቡናውን ሲመልስበት ምን እንደሚሰማው ለእናንተ አልነግራችሁም። በመጨረሻ ወጥ ቤት ገብታ ተልባ በማር በጥብጣ አመጣች። «ይኼስ? ይኼም ኃጢአት ነው?» ረጅሙ አሸተተው፣ ቀመሰው፣ ከዚያ አንዴ ጨለጠው። ጓደኛው ሁለተኛ ብርጭቆ ለመነ።

ባጁ ላይ ከስማቸው በፊት «ኤልደር» የሚል ማዕረግ ነበር። ትርጉሙ «ሽማግሌ» መሆኑን ስነግራት ባለቤቴ በሳቅ ፈነዳች። «ይኼ ጢም እንኳ ያላበቀለ? ማንን ሊያስታርቅ ነው?»

የድሮ ሙያ አይለቅምና ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ። ረጅሙ አይዳሆ ከሚባለው የአሜሪካ ክፍለ ግዛት የመጣ የድንች ገበሬ ልጅ ነው። አጭሩ ከዩታ ነው፤ ጀርመን ከገባ ስምንት ወር ሆኖታል፤ ለረጅሙ እንደ አሠልጣኝ ተደርጎ የተመደበለት እሱ ነው። በሥርዓታቸው ወንዶች ልጆች ከ18 ዓመት ጀምሮ ለሁለት ዓመት ይላካሉ። ቀድሞ መነሻው 19 ነበር፤ በ2012 ነው ዝቅ ያደረጉት። ወጪውን ልጁ ራሱ ወይም ቤተሰቡ ነው የሚሸፍነው፤ ለአሜሪካውያኑ በወር 400 ዶላር የነበረው መዋጮ በ2020 ወደ 500 ከፍ ብሏል። የሚሄድበትን አገር አይመርጥም። ለጥቂት ሳምንታት ዩታ ውስጥ ፕሮቮ በሚባል ከተማ ባለው ማሠልጠኛ ቋንቋ ይማራል፤ ከዚያ አውሮፕላን። አገሩ ከገባም በኋላ በየስድስት ሳምንቱ «ትሄዳለህ ወይም ትቆያለህ» የሚል ትእዛዝ ይጠብቃል። ከተመደበበት ክልል ያለ ፈቃድ አይወጣም። ከመታጠቢያ ቤት በስተቀር ከጓደኛው አይለይም። ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ይነሳል። ልብስ የሚያጥብበትና ገበያ የሚወጣበት በሳምንት አንድ ቀን አለው።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ እጄ ቆመ። ይህን ታሪክ አውቀዋለሁ።

እኔ ጀርመን የገባሁት በ2006 ነው፤ ከምርጫ 97 ማግሥት። ጥገኝነት የጠየቀ ሰው የሚኖርበትን ከተማ አይመርጥም። ጀርመኖች «የኮኒግሽታይን ቀመር» የሚሉት አላቸው፤ ስሙ እዚሁ ፍራንክፈርት አጠገብ ካለችው ከተማ የመጣ ነው። የየክፍለ ግዛቱ የግብር ገቢ ሁለት ሦስተኛ፣ የሕዝቡ ብዛት አንድ ሦስተኛ ተይዞ ይሰላል፤ በስሌቱ መሠረት ሰው ይከፋፈላል። እኔም ተከፋፈልኩ። በዚያን ዘመን ስደተኛ ከተመደበበት ወረዳ ያለ ፈቃድ መውጣት አይችልም ነበር፤ ደንቡ በብዛት የላላው በ2015 ነው። አበሻ የሚገኝበት ቤተ ክርስቲያን በባቡር የአንድ ሰዓት መንገድ ነበር፤ ለቅዳሴ ፈቃድ ላወጣ ነው? በአንድ ክፍል ውስጥ አራት ሰዎች አራት ቋንቋ እየተናገርን ተኛን። ሕግ የሚያስተምረኝ፣ አብሮኝ ገበያ የሚወጣ፣ ቋንቋ ስሳሳት የሚያርመኝ «አሠልጣኝ» አልተመደበልኝም። የትኛው ሱቅ ርካሽ የስልክ ካርድ እንደሚሸጥ ያሳየኝ፣ ሦስት ዓመት የቀደመኝ አንድ ኤርትራዊ ነው። ያ ሰው ባይኖር ምን እንደምሆን አላውቅም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገርና ልለፍ። በየከተማው ማኅበር አለን። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እየሆነ ማኅተም እስኪያልቅብን ድረስ አለን። አዲስ የመጣን ልጅ ባቡር ጣቢያ ሄዶ የሚቀበል፣ ለስድስት ሳምንት አብሮት የሚዞር ሰው የሚመድብ ግን የትኛው ነው? እነዚህ ልጆች ለሚያምኑበት ነገር ያደረጉትን እኛ ለገዛ ወገናችን ማድረግ አቅቶናል።

ወደ ረጅሙ ልመለስ። በመጀመሪያው ሳምንት ወረቀት በቢጫው የቆሻሻ በርሜል ውስጥ ጣለ። እሑድ ቀን ደግሞ ግቢ ውስጥ ብስክሌቱን በመዶሻ ሲጠግን ተያዘ። በጀርመን እሑድ መዶሻ ማንሳት ምን እንደሚያስከትል ታውቃላችሁ። ከታች የሚኖሩ አሮጊት ወጥተው ለአሥር ደቂቃ ያህል ጮኹበት። «ከተናገሩት ግማሹ አልገባኝም» አለን። «ግን በዚህ ከተማ ሰው በፈቃዱ ሲያናግረኝ የመጀመሪያዬ ስለነበር ደስ አለኝ።» በማግሥቱ ይቅርታ ሊጠይቅ ሄደ። አሁን የሴትዮዋን የገበያ ከረጢት ደረጃውን ተሸክሞ የሚያወጣላቸው እሱ ነው። ስለ መጽሐፉ እንዳያወራቸው አስጠንቅቀውታል፤ እሱም አያወራቸውም።

ቋንቋ ላይ አስቸገረኝ። እንግሊዝኛ ልናገር ስል «እባክዎ ጀርመንኛ» ይላል፤ መልመድ አለበት። እሱና ባለቤቴ ዴር፣ ዲ፣ ዳስን እንደ ጨው እየበተኑ ከእኔ በተሻለ ተግባቡ። ሁለቱም ለመሳሳት አያፍሩም።

ጋዜጠኛ ነኝና አንድ ጥያቄ ሳልጠይቅ ልለቃቸው አልቻልኩም። ቤተ ክርስቲያናቸው እስከ ሰኔ 1978 ድረስ ለጥቁር ወንዶች ክህነት አትሰጥም ነበር። በዚያን ጊዜ እኔ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ፤ ስለዚህ ለእኔ ጥንታዊ ታሪክ አይደለም። ምን ትላላችሁ? አልኳቸው። አጭሩ ተዘጋጅቶበት ነበር፤ በ2013 ቤተ ክርስቲያኒቱ ባወጣችው ጽሑፍ ለክልከላው ይሰጡ የነበሩትን ምክንያቶች እንደማትቀበል መግለጿን ነገረኝ። እውነት ነው፤ በኋላ አነበብኩት። ረጅሙ ግን ብርጭቆውን እያሽከረከረ ቆየና «ለምን እንደዚያ እንደነበረ አላውቅም። የእኛ ሰፈር ጥቁር ሰው አልነበረም። የገባሁበት የመጀመሪያው የጥቁር ቤት ይኼ የእርስዎ ነው» አለ። በዚህ መልስ ውስጥ ብልሃት የለበትም። በሥራ ዘመኔ ከስንት ባለሥልጣን አንዲት «አላውቅም» ስጠብቅ ኖሬአለሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ ይመጡ ጀመር። ባለቤቴ ገና ከመጀመሪያው «እኔ ሃይማኖቴን አልለውጥም፣ እናንተም አትልፉ» ብላቸዋለች። በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ ሁለት ማዕድ ዘልለው እንደሚጾሙና የምግቡን ዋጋ ለድሃ እንደሚሰጡ ሲነግሯት ግን ትንሽ አከበረቻቸው። «አንድ ቀን ብቻ?» ብላም ጠይቃለች።

አንድ ቀን ረጅሙ ዝም ብሎ ተቀመጠ። «እናትህ ደኅና ናት?» አለችው። ደኅና ናት፤ በየሳምንቱ ይደዋወላሉ። ከየካቲት 2019 በፊት ቢሆን ኖሮ በስልክ የሚያገኛት በዓመት ሁለት ቀን ብቻ ነበር። ይህን ሲነግረን ዓይኖቹ ሞሉ። እናቱ በዚያ ሳምንት ሆስፒታል ገብታለች። ከባድ አይደለም ብላዋለች። «እናቶች እንደዚያ ነው የሚሉት» አለ። ባለቤቴ በአማርኛ «አይዞህ ልጄ፣ አይዞህ» አለችው፤ ሳይተረጎምለት ገባው። እኔ ተነስቼ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። የእኔ እናት በ2009 ስታርፍ የጉዞ ሰነድ አልነበረኝም። ከባድ አይደለም ብላኝ ነበር።

የዚያን ዕለት ማታ የራሴን ታሪክ ነገርኩት፤ ስለ ምደባው፣ ስለ ወረዳው፣ ስለ ፈቃዱ። በጥሞና ሰማኝ። ቋንቋው እየከዳው፣ በቅንነት «የእርስዎስ መቼ ያልቃል?» ብሎ ጠየቀኝ።

እሱ የሚመለስበትን ቀን ያውቀዋል። ባለቤቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። በ2018 በሩ ተከፈተ ሲባል ሻንጣ ካሰናዱት አንዱ ነበርኩ። የሄዱ ጓደኞች አሉኝ። እኔ ግን ሻንጣዬን መልሼ ፈታሁ፤ ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ሌላ ጊዜ ልጽፈው እችላለሁ። ለልጁ «አልተነገረኝም» ነው ያልኩት።

በጥር አጭሩ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ፤ አዲስ ልጅ መጣ። አሁን አሠልጣኙ ረጅሙ ሆነ። የትኛው በርሜል ለወረቀት እንደሆነ፣ እሑድ መዶሻ እንደማይነሳ፣ አሮጊቷን በስንት ሰዓት ማገዝ እንደሚገባ ሲያስረዳው ባለቤቴ ሰምታ «አሁን ገና ሽማግሌ ሆነ» አለች። እናቱ ከሆስፒታል ወጥታለች።

በመጋቢት፣ ዐቢይ ጾም ላይ ሳለን፣ እሱም ተራው ደረሰ። ሊሰናበት መጣ። ሹሮውን በልቶ ጨረሰ፣ አሮጊቷን ለጓደኛው አደራ ሰጠ፣ ብስክሌቱን በራፉ ላይ አቁሞ ወደ ፎቁ ቀና ብሎ እጁን አወዛወዘ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደወሉ ጮኸ። በቀዳዳው ሳይ ያንን የጥሩን ልጅና አንድ የማላውቀውን ቀይ ፀጉር አየሁ። ከፈትኩ። በየሰፈሩ ስለሚያገኟቸው ሰዎች የሚጽፉት ማስታወሻ በስልካቸው አለ፤ ተረኛው የቀደመውን አንብቦ ነው የሚመጣው። አዲሱ ልጅ ስልኩን እያየ፣ ፊደል እየቆጠረ፣ የተጻፈለትን አነበበ፦ «ሦስተኛ ፎቅ። አይለወጡም። ቡና ይሰጧችኋል፣ አትቀየሟቸው። ተልባ ጠይቁ።»