ለዓይነ ስውር ተማሪ የሚስማማ የድምፅ መቅጃ ስለ መምረጥ፤ ከጎግ ወረዳ ሁኔታ አንጻር

በጋምቤላ ክልል፣ በአኙዋ ዞን የሚገኘው የጎግ ወረዳ ሞቃት ቆላ ነው። በበጋ አቧራው፣ በክረምት ጭቃው አይጣል ነው። በእንዲህ ያለ አካባቢ፣ ብሬል የሚያነብ መምህር በሌለበት ክፍል የሚቀመጥ ዓይነ ስውር ተማሪ በሰሌዳ ላይ የተጻፈውን አያይም፤ ደብተርም የለውም። ትናንት የተማረውን ዛሬ ሊከልስ የሚችለው ጓደኛው አንብቦለት እንደሆነ ብቻ ነው። ጓደኛው ታሞ የቀረ ዕለት ትምህርቱም አብሮ ይቀራል። በኪስ የሚያዝ የድምፅ መቅጃ ለእንዲህ ዓይነቱ ተማሪ የደብተር ምትክ ስለሚሆን፣ ምርጫው ለዕቃ ግዥ ሠራተኛ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

የፊሊፕስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1963 ያስተዋወቀው ካሴት ለዓይነ ስውራን ትልቅ አገልግሎት ሰጥቷል። በዘመኑ የነበረው ቴፕ ሪኮርደር ቁልፎቹ ጎላ ጎላ ያሉ ነበሩ፤ እያንዳንዱም አንድ ሥራ ብቻ ነበረው። ሲጫኑት ይቀረቀራል፤ ሲለቁት ቀጭ ይላል። ካሴቱም ካቆመበት ላይ ይጠብቃል እንጂ ወደ መጀመሪያው አይመለስም። ከዚያ በኋላ የመጡት ዲጂታል መሣሪያዎች መጠናቸው አንሶ፣ የሚይዙት ድምፅ በዝቶ ሳለ፣ ብዙዎቹ ይህን የጣት ቋንቋ አጥፍተው ሥራውን ሁሉ ወደ ትንሽ መስኮት አዛውረውታል። መስኮቱን ለማያይ ሰው ይህ እድገት ሊባል አይችልም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ፈተና ቀላል ነው። መሣሪያውን የሚመርጠው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ያብራው፤ ይቅዳ፤ ያቁም፤ የቀዳውንም መልሶ ያዳምጥ። የመቅጃው ቁልፍ ከማጥፊያው በቅርጽ ወይም በቦታ ተለይቶ መገኘት አለበት። መቅዳት ሲጀምርና ሲያቆም የተለያየ ድምፅ ቢያሰማ ይመረጣል። ምልክት የማይሰጥ መሣሪያ የያዘ ተማሪ የ40 ደቂቃ ትምህርት ቀዳሁ ብሎ ባዶ ይዞ ወደ ቤቱ ሊሄድ ይችላል። ከኦሊምፐስ የዲኤም ተከታታይ መቅጃዎች መካከል አንዳንዶቹ ዝርዝራቸውን በድምፅ ይናገራሉ። ነገር ግን መሣሪያው የሚናገረው በእንግሊዝኛ ከሆነ፣ በአኙዋ ቋንቋ ትምህርት ለጀመረ ሕፃን መናገሩ ብቻውን ብዙም አይረዳውም። ለታችኛ ክፍል ከሚናገር ባለ ብዙ ዝርዝር መሣሪያ ይልቅ ዝም ያለ ባለ አምስት ቁልፍ መሣሪያ ሊሻል ይችላል። የእጅ ስልክም ማያ ገጹን የሚያነብ ፕሮግራም ካለው ለላይኛ ክፍል ተማሪ ይጠቅማል፤ ሆኖም ስልክ የቤተሰብ ሁሉ ዕቃ መሆኑ አይዘነጋም።

ቀጥሎ የሚታየው የኃይል ጉዳይ ነው። የታሸገ ባትሪ ያለው መሣሪያ ባትሪው የደከመ ጊዜ በወረዳው የሚጠግነው ካልተገኘ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀራል። ከሱቅ በሚገዛ ተራ የባትሪ ድንጋይ የሚሠራ መሣሪያ ይህ ችግር የለበትም። እንደገና የሚሞላው ድንጋይ 1.2 ቮልት ሲሆን ተራው 1.5 ቮልት ስለሆነ፣ መሣሪያው በሁለቱም እንደሚሠራ ከግዥ በፊት መረጋገጥ አለበት። በፀሐይ ኃይል የሚሞላ ባትሪ መሙያ ለጎግ ፀሐይ ተስማሚ ነው። በክረምት ደመና ግን ብቻውን አይታመንም።

የድምፅ ጥራትን በሚመለከት፣ ያልታመቀ ስቴሪዮ ድምፅ (ዌቭ) በሙዚቃ ሲዲ ጥራት በሰዓት 635 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል። በሴኮንድ 64 ኪሎቢት የታመቀው ኤምፒ3 ግን 29 ሜጋባይት ገደማ ይበቃዋል። ባለ 4 ጊጋባይት ካርድ በመጀመሪያው መንገድ ከ6 ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ፣ በሁለተኛው ከ200 በላይ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜዎችን ይይዛል። ለተራ ትምህርት ሁለተኛው በቂ ነው። የአኙዋ ቋንቋ ግን የድምፅ ከፍታና ዝቅታ፣ የአናባቢም ልዩነት የቃል ፍቺ የሚለይበት ስለሆነ፣ የንባብ ማስተማሪያ የሚያዘጋጅ መምህር የተሻለውን ጥራት ቢመርጥ፣ ማይክሮፎኑንም ወደ አፉ ቢያቀርብ ይበጃል። ከቆርቆሮ ጣራ በታች፣ ዝናብ እየወረደ የተቀዳ ንባብ ምንም ዓይነት መሣሪያ አያድነውም።

ዴይዚ በተባለው ሥርዓት የተዘጋጁ መጻሕፍትን የሚያነቡ እንደ ቪክተር ሪደር ስትሪም ያሉ መሣሪያዎችም አሉ። በምዕራፍና በገጽ መዝለል፣ ምልክት ማኖር፣ ንባቡን ማፍጠንና ማዘግየት ያስችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀውና ኢትዮጵያም በ2020 የተቀበለችው የማራካሽ ስምምነት እንዲህ ያሉ መጻሕፍት ከአገር ወደ አገር እንዲተላለፉ መንገድ ከፍቷል። ይሁን እንጂ በአኙዋ ቋንቋ የሚነበበው መጽሐፍ ከውጭ አይመጣም፤ አንብቦ የሚቀዳው እዚያው ያለው መምህር ነው። ስለዚህ ለጎግ ትምህርት ቤቶች ከማጫወቻው ይልቅ መቅጃው ይቀድማል።

የተቀዳው ሲበዛ መለየት ያስቸግራል። መምህሩ በእያንዳንዱ ቅጂ መጀመሪያ ላይ የትምህርቱን ስም፣ ክፍሉንና ቀኑን ጮክ ብሎ ቢናገር፣ ተማሪው ጥቂት ሴኮንዶች በማዳመጥ ብቻ የሚፈልገውን ያገኛል። መሣሪያው ከአቧራ እንዲጠበቅ በጨርቅ ከረጢት ተደርጎ በአንገት ቢንጠለጠል ጥሩ ነው። ዓመታዊው ዕረፍት ሲደርስም ድንጋዩ ወጥቶ፣ ቅጂው በትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ወይም በሌላ ካርድ ተገልብጦ ይቀመጥ፤ መሣሪያው ግን በክረምቱ ለክለሳ እንዲያገለግል በፊርማ ለተማሪው ወላጆች ቢሰጥ በመጋዘን ተቆልፎበት ከሚከርም ይሻላል።